ማይልስ ሞራሌስ ወይስ ስፓይደርማን 2? አዲስ ፕሌስቴሽን 5 ለገዛችሁ

ፕሌስቴሽን 5 የገዛ ጓደኛ ሁሉ ሲደውልልኝ ጥያቄው አንድ ነው። ብሩ ኮንሶሉ ላይ አለቀ፣ የቀረው ለአንድ ጌም ነው፣ ከስፓይደርማን ጌሞቹ ማይልስ ሞራሌስን ወይስ ስፓይደርማን 2ን ልያዝ? ሁለቱንም ጨርሻለሁ፣ ሁለተኛውንማ ሁለት ጊዜ። ስፓይደርማን 2 በብዙ ነገር ይበልጣል። ግን መጀመሪያ ማይልስን ግዙ።

ምክንያቴ ክንፉ ነው። ሁለተኛው ላይ ከፎቅ ዘላችሁ አየር ላይ እያላችሁ ሦስት ማዕዘኗን ስትጫኑ ከብብት ሥር ክንፍ ይዘረጋል። ከኒው ዮርኩ ማንሃተን ተነስታችሁ ወንዙን ዝቅ ብላችሁ እየተንሳፈፋችሁ ትሻገሩና ብሩክሊን ወይም ኩዊንስ ትገባላችሁ፤ በመንገዳችሁ የነፋስ መስመር ካገኛችሁ ደግሞ ይዟችሁ ይከንፋል። ማይልስ ላይ ክንፍ የለም፣ ከተማውም ማንሃተን ብቻ ነው። ለጀማሪ ግን ይህ ምንም አይጎድለውም፣ በድር እየተወነጨፉ መሄዱ ራሱ ቀኑን ሙሉ ያስደስታል። ችግሩ በተቃራኒው ስትሄዱ ነው። ክንፉን የለመደ ሰው ወደ ማይልስ ሲመለስ ከተማው ይጠበዋል፣ ጥሩውን ጌም ሳያጣጥመው ይተወዋል።

ታሪኩም በዚያው ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው። ማይልስ ሞራሌስ በፈረንጆቹ 2020 ከኮንሶሉ ጋር አብሮ የወጣ አጭር ጌም ነው፣ ዋናው ታሪክ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ቢወስድ ነው። ሃርለም፣ በረዶ፣ የገና ሰሞን፣ ለከተማው ምክር ቤት የምትወዳደር እናት፣ አባቱን በሞት ያጣው ወጣቱ ስፓይደርማን ማይልስ። በ2023 የወጣው ሁለተኛው ይህን ሁሉ እንደምታውቁ ቆጥሮ ነው የሚጀምረው። እዚያ የመጀመሪያውን ስፓይደርማን ፒተርንና ማይልስን እየቀያየራችሁ ትጫወታላችሁ፣ ከጠላት ክሬቨን አለ፣ ቬነም አለ፣ ጥቁሩ ልብስ ፒተርን ቀስ በቀስ ሲለውጠው ታያላችሁ። ሰዓቱም እጥፍ ያህል ነው።

ኮንሶሉ ምን እንደሚችል ማየት ለሚፈልግ ግን ሁለተኛውን የሚያህል የለም። በፈረንጆቹ 2018 የወጣው የመጀመሪያው ስፓይደርማን በፕሌስቴሽን 4 ከሰፈር ሰፈር ዘላችሁ ስትሄዱ ሎዲንጉ እስኪያልቅ ስፓይደርማንን ባቡር ውስጥ ተቀምጦ ያሳያችሁ ነበር። አሁን ካርታው ላይ ቦታውን መርጣችሁ ቁልፉን ተጭናችሁ ስትይዙ እዚያው አየር ላይ ሲወነጨፍ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛው በፕሌስቴሽን 4 ጭራሽ አልወጣም፣ ለኮምፒውተርም የመጣው በጥር 2025 በፈረንጆቹ ነው።

ምስሉ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ሁለቱም ጌሞች በሴኮንድ 30 ፍሬም (ምስል) ጥራቱ የጎላ ወይም በ60 ፍሬም ፈጣን ምርጫ አላቸው። 60ውን ውሰዱ። ማይልስ ላይ ሬይ ትሬሲንግ (ብርሃንና ነጸብራቅን እንደ እውነቱ የሚያሳየው) ያለውን የ60 ፍሬም ምርጫ ፈልጉ፣ በኋላ በአፕዴት የመጣ ነው። ሁለተኛው ላይ በሁሉም ምርጫ አለ፤ የመስታወት ፎቅ ላይ ተለጥፋችሁ ስትወጡ ከኋላችሁ ያለው መንገድ ከነመኪናው መስታወቱ ላይ ይታያችኋል።

አሁን ወደ ኪሳችን። ሲወጡ ማይልስ 50 ዶላር ነበር፣ ሁለተኛው 70። አገር ቤት ላላችሁ ምክሬ ዲስክ ነው። የፕሌስቴሽን መደብር በኢትዮጵያ አካውንት ስለማያስከፍት ሰው የአሜሪካ ወይም የኤምሬትስ አካውንት ከፍቶ የስጦታ ካርድ ይፈልጋል፤ ካርዱ የአካውንቱ አገር ካልሆነ ደግሞ አይሠራም። በዚያ ላይ ሁለተኛው ወደ 90 ጊጋባይት ገደማ ነው፣ ያንን በእኛ ኢንተርኔት ማውረድ አስቡት። ዲስክ ስትጨርሱት ትሸጡታላችሁ። ኮንሶላችሁ ግን የዲስክ ማስገቢያ ያለው መሆኑን አረጋግጡ።

የማይልስ የፕሌስቴሽን 4 ዲስክ በርካሽ ካገኛችሁ አትለፉት፣ ወደ 5ቱ ቅጂ በነፃ ያሳድጋችኋል። አልቲሜት የሚለው እትም ላይ ግን ተጠንቀቁ። እኔ አንድ ሱቅ ውስጥ ያገለገለ አልቲሜት አገኘሁና ሁለት ጌም በአንድ ዋጋ ብዬ ጨምሬ ከፈልኩ። ቤት ሄጄ ስከፍተው ዲስኩ ላይ ያለው ማይልስ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ስፓይደርማን የሚመጣው ካርቶኑ ውስጥ ባለች ወረቀት ላይ በተጻፈ ኮድ ነው፣ ኮዱን ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ተጠቅሞበታል። በጣም ነው የተናደድኩት። ያገለገለ ከሆነ የአንድ ጌም ዋጋ ብቻ ክፈሉ።

ማይልስን ድሮ በፕሌስቴሽን 4 የጨረሳችሁ እንደገና አትግዙት፣ ቀጥታ ወደ ሁለተኛው ሂዱ። ቤት ውስጥ ታዳጊ ካለ ግን ነገሩ ይለያል። ሁለቱም ጌሞች ለታዳጊ ተብለው የወጡ ቢሆንም የሁለተኛው ቬነም ያስፈራል፣ ክሬቨንም ሲገድል ያሳያል። የእህቴ ልጅ 13 ዓመቱ ነው፣ ማይልስን ከፈትኩለት። ሚሽኑን ትቶ ሃርለም ውስጥ በረዶው ላይ ወዲያ ወዲህ ይሄዳል፣ ዱካው ሲቀር ለማየት። አንድ የሰፈር ሱቅ ድመት አለች፣ ስሟ ስፓይደርማን ነው። እሷን ካገኘ በኋላ ማይልስ በጀርባ ቦርሳው ይዟት የሚዞርበትን ልብስ አወጣ፣ ድመቷ በጠብ መሃል ከቦርሳው ብቅ ብላ ሰውየውን ስትቧጥጠው ልጁ ጆይስቲኩን ጥሎ ጮኸ። ያን ልብስ እስከ መጨረሻው አልቀየረውም።