ለድሪፍት የፊት ጎማ ወይስ የኋላ?

በፊት ጎማ የምትነዳ፣ ማለትም ሞተሯ የፊት ጎማዎቹን የሚያሽከረክር መኪና ድሪፍት (ኩርባ ላይ ሆን ብሎ ኋላዋን ወደ ጎን እያንሸራተቱ መንዳት) ትሠራለች ወይ? ትንሸራተታለች፣ ግን ቶሎ ያልቅባታል።

የፊት ጎማ፦ ኩርባው ላይ መሪውን ጠምዘዝ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብ ስታደርገው የኋላ ጎማዎቹ ተቆልፈው ኋላዋ ይወጣል፤ ነዳጅ ስትረግጥ ግን የፊቶቹ ጎትተው ቀጥ ያደርጓታል፣ አለቀ። የእጅ ፍሬኗ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነማ እሱንም እርሳው።

የኋላ ጎማ፦ እ.ኤ.አ. በ1983 እንደወጣችው ቶዮታ ኮሮላ ኤኢ86 ያለችው፣ ነዳጁ የኋላ ጎማዎቹን እያሽከረከረ መንሸራተቱን ያስቀጥለዋል፤ መሪውን በተቃራኒ ይዘህ የመንሸራተቱን ማዕዘን ነዳጅ በሚረግጠው እግርህ ታስተካክላለህ። ጎማ ትጨርሳለች፣ ነዳጁን ካበዛኸው ደግሞ ዞራ ፊቷን ወደመጣህበት ታደርጋለች።

ለጨዋታ ያህል ከሆነ፣ ሰው በሌለበት ዝግ ሜዳ ያለችህ ትበቃለች። ኩርባ ከኩርባ እያያያዝክ መንሸራተት ካማረህ ግን የኋላዋን ፈልግ።