ከ14 ወር በኋላ፦ የምገመግመው የትኛዋን ብስክሌት ነው?

ያገለገለች ብስክሌት በ7,500 ብር ከገዛሁ 14 ወር ሆነኝ። በየቀኑ ከፔዳ እስከ ጊዮርጊስ እመላለስባታለሁ። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ትመቻለች፤ የቤዛዊትን ዳገት ግን እየገፋኋት ነው የምወጣው።

ችግሩ ዕቃዋ ነው። በሁለተኛው ወር ካቴናው ተበጠሰ። ክረምት ሲገባ ፍሬኑ ከመያዝ ይልቅ መጮህ አበዛ። ከዚያ ፔዳሉ፣ ኮርቻው፣ ሁለቱ ጎማዎች ከነቸርኬያቸው፣ በመጋቢት ደግሞ ዋናው ብረት ብየዳው ላይ ተሰንጥቆ ተቀየረ። የቀረችኝ ደወሏ ነበረች፤ እርሷም ድምጿ ሰልሎ በሰኔ ተተካች።

ታዲያ ምኑን ልገምግም? የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደጻፈው አቴናውያን የጀግናቸውን የቴሴዎስን ባለ 30 መቅዘፊያ መርከብ ሲያቆዩ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ አዲስ ይተኩ ነበር። ፈላስፎቹ ያችው ናት፣ አይደለችም ተባባሉ። እኔ ያችው ናት ባይ ነበርኩ። ጠዋት ካቴና የቀየረ ሰው ማታ በሌላ ብስክሌት ቤቱ ገባ አይባልም። የደንገል ታንኳ እንዲህ ያለ ጣጣ የላትም፤ ውኃ ጠጥታ ስትበሰብስ ትጣላለች፣ በምትኳ አዲስ ትታሰራለች። ግራ የሚያጋባው ቀስ በቀስ የሚቀየረው ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ በ1655 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ባሳተመው መጽሐፍ ጥያቄውን አከበደው፦ አንድ ሰው የወጣውን ሳንቃ ሁሉ ሰብስቦ እንደ ቀድሞው ቢገጥመውስ? የሥራ ፈት ጥያቄ ይመስለኝ ነበር። ብስክሌት ጠጋኜ ግን ሆብስን ሳያነብ አደረገው።

ባለፈው ሳምንት ጣና ዳር ከኋላዬ ደወል ጮኸ። ያ የሰለለ ድምፅ! ዞር ስል አንድ ልጅ በኪራይ ብስክሌት አለፈኝ፤ ኮርቻው ላይ ባለቤቴ በሰማያዊ ክር የሰፋችው ቀዳዳ አለ።

ጠጋኙ ሳቀ። «ጋሼ፣ የእርስዎ እኮ እጅዎ ላይ ናት። ይቺ ከውዳቂ የገጣጠምኳት ናት።»

ልክ ነው፤ አንድ ቀን ሳላቋርጥ የነዳኋት የእኔዋን ነው። ለእርሷ ከአምስት አራት እሰጣለሁ። ያ ሰማያዊ ክር ግን አላስተኛ ስላለኝ በማግስቱ የአንድ ሰዓት ኪራይ ከፍዬ ሌላዋን ነዳኋት። ፍሬኗ አሁንም ይጮኻል።