ይሂድ ወይስ ዓመቱን ይጨርስ?

ክርክሩ የተነሳው ደሴ ፒያሳ፣ ሻይ ቤት ነው። የክለባችን ሥራ አስኪያጅ “በቃኝ” ብሏል። አሁኑኑ ይሂድ ወይስ የመጨረሻ የውድድር ዘመኑን ይጨርስ?

“ልቡ የሸፈተ ሰው ምን ይሠራል?” አሉ አንድ ጋሼ፣ ብርጭቋቸውን እያዞሩ። እውነት አላቸው። ተሰናባች ለተጫዋች የሦስት ዓመት ውል ቢፈርም ዕዳው የተተኪው ነው።

ግን ሊቨርፑልን እዩ። የስፖርት ዳይሬክተሩ ማይክል ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ገደማ “እለቃለሁ” ብሎ አሳውቆ የውድድር ዘመኑን ጨረሰ። ተተኪው ጁሊያን ዋርድ አጠገቡ ነበር፤ በጃንዋሪም አጥቂው ሉዊስ ዲያዝ መጣ። የማንችስተር ዩናይትዱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዴቪድ ጊልም በ2013 ዘመኑን ጨርሶ ነው የሄደው። ችግሩ አሰልጣኙ ፈርጉሰንም አብረው መሄዳቸው! አማካዩ ፌላይኒ የተገዛው የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሲል ነበር፣ በ27.5 ሚሊዮን ፓውንድ።

እኛ ጋ ደግሞ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰውዬው መሃል ላይ ውልቅ ቢል የደመወዝ ወረቀቱን ማን ይፈርማል? ሆጤ ሜዳ ላይ ልጆቹ ደመወዝ እየጠበቁ ሲለማመዱ አይቻለሁ፤ ኳሱም ይከብዳቸዋል። ስለዚህ እኔ “ይጨርስ” ባይ ነኝ። አዲስ ውል ግን አይንካ፤ ተተኪውም ከጥር ጀምሮ ጎኑ ይቀመጥ።

ጋሼ አልተዋጠላቸውም። ሻዩን ግን ከፈሉልን።