ራይደር-ዌይት ወይስ ቶት? የኮከብ ምልክት ያለው ታሮት ለሚመርጥ

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ የኮከብ ምልክት ያለው ታሮት (ዕጣ ፈንታ ለማየት የሚጠቀሙበት የሥዕል ካርድ) የሚፈልጉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ራይደር-ዌይትና ቶት በተባሉት ሁለት የካርድ ስብስቦች መካከል ይወዛገባሉ። ሁለቱም 78 ካርድ አላቸው።

ምልክቱ
ራይደር-ዌይት (እ.ኤ.አ. 1909)፦ ኮከቡ ሥዕሉ ውስጥ ተደብቋል። «ንጉሠ ነገሥት» በተባለው ካርድ ዙፋኑ ላይ የበግ ራሶች አሉ፤ ሐመል ነው። «እቴጌ» በተባለው ካርድ ጋሻዋ ላይ የቬነስ ምልክት አለ። ከአያቶቹ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ ሲባል እየሰማ ያደገ የጎጃም ልጅ ይህን ፍለጋ ይወደዋል።
ቶት፦ ምልክቱ ፊት ለፊት ተቀምጧል። «የበትር ሁለት» በተባለው ካርድ ላይ ማርስና ሐመል አብረው ይታያሉ። ሌዲ ፍሪዳ ሃሪስ የሣለችው ሥዕል እጅግ ያምራል፤ ለእኔ ከሁለቱ ውቡ እሱ ነው።

ቅለት
ራይደር-ዌይት፦ ትንንሾቹ በሚባሉት፣ እንደ የበትር ሁለት ባሉት ካርዶች ላይ ሰውና ድርጊት አለ። ጀማሪ አይቸገርም።
ቶት፦ ረቂቅ ነው። ፕላኔትና ኮከብ ካልለዩ ግራ ያጋባል።

ዋጋ
ሁለቱም ከውጭ በሰው ነው የሚመጡት። ራይደር-ዌይት በቀላሉ ይገኛል፤ ስስ ወረቀት ላይ ከታተመ ቅጂ ግን ይጠንቀቁ።

ስጋት
ቤተ ክርስቲያን ጥንቆላን አትፈቅድም። ይህን ቀለል አድርጌ አላየውም። ቶትን የነደፈው አሌይስተር ክራውሊ ደግሞ በአስማት የታወቀ ስለሆነ ጥያቄው ይበዛል።

ለሥዕልና ለታሪክ ከሆነ፣ ወይም ገና ጀማሪ ከሆኑ ራይደር-ዌይትን ይያዙ። ኮከብ ቆጠራውን አውቀው በካርድ ማየት ከፈለጉ ቶት ይሻልዎታል።