ፍሎረንስ፦ የአካዳሚያ ጋለሪ ከዳዊት ሐውልት ባሻገር

ፍሎረንስ ውስጥ «አካዳሚያ የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሁሉ ወደ ሚኬላንጄሎ ዳዊት ይመራል። በዚህ ስም የሚጠሩት ተቋማት ግን ሦስት ናቸው። አንጋፋው በሠዓሊውና አርክቴክቱ ጆርጆ ቫዛሪ ጉትጎታ መስፍኑ ቀዳማዊ ኮዚሞ ደ ሜዲቺ በ1563 ያቋቋመው የንድፍ ጥበባት አካዳሚ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ሠዓሊ የሚመዘገበው ከሐኪሞችና ከመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ጋር ነበር፤ ቀለሙን የሚገዛው ከእነሱ ነውና። አካዳሚው ሠዓሊንና ቀራጺን ከእጅ ሙያተኛነት አውጥቶ በባለ ዕውቀት ደረጃ አስቀመጣቸው። ሠዓሊዋ አርቴሚዚያ ጄንቲሌስኪ በ1616 አባል ስትሆን ከሴቶች የመጀመሪያዋ ነበረች። ሁለተኛው ታላቁ መስፍን ፒዬትሮ ሌዎፖልዶ በ1784 በአሮጌው የሳን ማቴዎ ሆስፒታል ያደራጀው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው፤ ዛሬም ያስተምራል። ሦስተኛው፣ ትኬት የሚቆረጥለት፣ ከጎኑ ያለው ጋለሪ ነው። ሥዕሎቹና የጄሶ ቅጂዎቹ መጀመሪያ የተሰበሰቡት ተማሪዎቹ እያዩ እንዲገለብጡ ነበር። ስለዚህ ቤቱን እንደ መማሪያ ክፍል አድርጎ ማየት ይሻላል።

አስጎብኚዎች የሚያጣድፉት ወደ ዳዊት ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆሙት፣ «እስረኞች» የሚባሉት ያላለቁ የሚኬላንጄሎ ሐውልቶች በችኮላ ይታለፋሉ፤ ትልቅ ኪሳራ ነው። ጠጋ ብላችሁ ድንጋዩን እዩት፦ ሹል መሮ ያለፈበት ሻካራና ጥልቅ ነው፣ ባለ ጥርስ መሮ ያለፈበት ደግሞ እንደ ማበጠሪያ ጎን ለጎን የተሰለፉ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። አንድ ቅርጽ ከየትኛው መሣሪያ ወደ የትኛው እንደሚሸጋገር እዚሁ ይነበባል።

ዳዊት ራሱ ከ1501 እስከ 1504 ተሠራ፤ ቁመቱ 5.17 ሜትር ነው። ከፊት ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ። ዙሩና ከጎን ስታዩት አካሉ የሚገርም ስስ ነው፤ እብነ በረዱ ቀድሞ ሌላ ቀራጺ ጀምሮ የተወው፣ ውፍረቱም ያነሰ ስለነበር ነው። ከፒያሳ ዴላ ሲኞሪያ አደባባይ ወደዚህ የመጣው በ1873 ሲሆን አደባባዩ ላይ ዛሬ የቆመው ቅጂ ነው።

ለእኛ የቤቱ ምርጥ ክፍል ከዳዊት ቀጥሎ ያለው የጄሶ አዳራሽ ነው። (ጄሶ የምንለው ቃል ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ነው።) አብዛኛው የቀራጺው ሎሬንዞ ባርቶሊኒ ሥራ ነው። ነጫጮቹ ምስሎች ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ታያላችሁ፤ እድፍ ሳይሆን የሚስማር ራስ ነው። ቀራጺው መጀመሪያ በሸክላ አፈር ይሠራል። አፈሩ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ገና እርጥብ ሳለ የጄሶ ልባስ ይደረግበታል፣ አፈሩ ከወጣ በኋላ በዚያ ልባስ ውስጥ አዲስ ጄሶ ፈስሶ ሞዴሉ ይወጣል። ከዚያ ሚስማሮቹ ይተከላሉ። ጠራቢው ርቀት በሚለካበት ባለ ሁለት እግር ኮምፓስ ከቋሚ ነጥቦች እስከ እያንዳንዱ ሚስማር ያለውን ርቀት ለክቶ እብነ በረዱን እስከዚያው ጥልቀት ይበሳል፤ በቀዳዳዎቹ መካከል የቀረው ይጠረባል። ጥቂት አልፎ ከበሳ ማስተካከያ የለውም፤ ድንጋይ አይለጠፍም። ስለዚህ ለመጨረሻው ልስላሴ ስስ ሽፋን ይተዋል። ፊት ላይ ሚስማሮቹ ለምን እንደሚጠጋጉ አሁን ግልጽ ነው።

የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ክፍል ትንሽ ቢሆንም ዝነኛው የቫዮሊን ሠሪ ስትራዲቫሪ በ1690 ለሜዲቺዎች የሠራው ቪዮላ (ከቫዮሊን ተለቅ ያለ መሣሪያ) ብቻውን መግባትን ያስገድዳል።

ደካማ ጎኑ መጨናነቁ ነው፤ በእሱ ምክንያት ከአምስት አራት ሰጥተነዋል። ሰኞ ዝግ ነው። ትኬቱን በሙዚየሙ ይፋዊ ገጽ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ተመሳሳይ መልክ ያላቸው የሻጭ ገጾች ዋጋ ይጨምራሉ። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነፃ ነው፣ ሰልፉ ግን ረጅም ነው። ጠዋት 8:15 (በእኛ 2:15) ሲከፈት የገባ እስረኞቹን በጸጥታ ያገኛቸዋል። ሁለት ሰዓት መድቡ፤ ሻንጣ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ማስቀመጫ የለም።