«50» የተጻፈበት የአሳ እርሳስ 38 ግራም ሆኖ ተገኘ፤ ሳትመዝኑ አትግዙ

ጣና ዳር መንጠቆ የምትጥሉ፣ መረብ የምታዘጋጁ፣ ወይም ለወንድማችሁ ዕቃ ልትገዙ ገበያ የምትወጡ ሁሉ፣ ይቺን አንብባችሁ ሂዱ።

ባለፈው ወር 20 እርሳስ ገዛሁ። ማስመጫውን ማለቴ ነው፤ መንጠቆውን ወይም መረቡን ውሃ ውስጥ ወደ ታች የሚጎትተውን ክብደት። እኛ ጋ ከምንም ይሠራ ከምን ስሙ «እርሳስ» ነው፤ ስሙ ራሱ እንደሸወደኝ የገባኝ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ላይ «50» የሚል ቁጥር ተቀርጿል፤ 50 ግራም ነው ለማለት። አንዱ 40 ብር፣ በጠቅላላው 800 ብር ከፈልኩ። ሱቁን አልጠራም። ያንኑ ዕቃ ሌሎች ሁለት ሱቆች ውስጥም ተሰቅሎ አይቼዋለሁና ነገሩ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት ብዙም ሳልርቅ ቁጭ ብዬ ነበር። ነፋሱ ሲነሳ ክሬ አልቆም አለ። ስወረውረው ፊት ለፊት ያርፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ደንገሉ ውስጥ ተወትፎ አገኘዋለሁ። ሁለት መንጠቆ እዚያው ቀረብኝ። አጠገቤ ያለው ጓደኛዬ የአባቱን አሮጌ እርሳስ ነው የሚጥለው፤ የእሱ ከወደቀበት አይነቃነቅም። የኔን ተቀብሎ መዳፉ ላይ አንከባለለውና «ይሄ እኮ ባዶ ነው» አለኝ።

ሰኞ ሰፈራችን ያለ ወርቅ ቤት ይዣቸው ሄድኩ። ባለቤቱ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ይሄ ለአንገት ነው ለጣት?» አሉኝ። መጀመሪያ የ100 ግራም የሚዛን ድንጋያቸውን ጭነው ሚዛኑ ልክ መሆኑን አሳዩኝ። ከዚያ አንድ በአንድ ጫንን። 38.2። 43.6። 37.9። ቆይቶ አንዱ 32 ላይ ቆመ። ጋሼ ራሳቸው ሳቃቸውን ተዉት። ሃያው አንድ ላይ 1 ኪሎ መሆን ሲገባው 806 ግራም ሆነ። 48 ያለፉት ሁለት ብቻ ናቸው። በገንዘብ ስታስቡት 155 ብር ገደማ ለሌለ ነገር ከፍያለሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፣ ፍርደ ገምድል እንዳልሆን። ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስ ነገር ሁሉ ቁርጥ አንድ አይሆንም። ውስጡ አየር ይይዛል፣ ጫፉ ሲሞረድ ይቀንሳል። አንድ ሁለት ግራም ቢጎድል ቅሬታም አላነሳ። 12 እና 18 ግራም ሲጎድል ግን ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

ሌላው ነገር ማዕድኑ ነው። እርሳስ በጣም ከባድ ነው፤ አንድ ኩብ ሴንቲሜትሩ 11.3 ግራም ይመዝናል። ዚንክ 7.1 ግራም ብቻ ነው። 50 ግራም እርሳስ በሚወጣበት ቅርጽ ዚንክ ቢፈስበት የሚወጣው 31 ግራም ገደማ ነው። መልኩ ያው፣ ቁመቱ ያው፣ የተቀረጸው «50» ያው። የኔዋ 32 ግራም የመጣችው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። ውሃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል፤ ውሃው ሁለቱንም በእኩል ወደ ላይ ስለሚገፋ ትክክለኛው 45 ግራም ያህል ሲጎትት ዚንኩ 27 አካባቢ ነው የሚጎትተው። «ጣና ጥልቅ አይደለም፣ ምን ያደርጋል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ክራችንን የሚወስደው ግን ጥልቀቱ ሳይሆን ነፋሱና ሞገዱ ነው።

እንዴት ትለዩታላችሁ? ጥፍራችሁን ጫኑበት። እርሳስ ለስላሳ ነው፣ ይጫራል። ነጭ ወረቀት ላይ ብታሰምሩበት ግራጫ መስመር ይተዋል። ዚንክ እምቢ ይላል። ማግኔት ከሳበው ደግሞ ብረት አለበት። እቤት ዲጂታል ሚዛን ያለው ሰው ከዚህ የበለጠ ማድረግ ይችላል። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት። እርሳሱን በክር አስራችሁ ታች ሳይነካ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ሚዛኑ ላይ የሚመጣው ቁጥር የእርሳሱ ይዘት፣ ማለትም የሚይዘው ቦታ በኩብ ሴንቲሜትር ነው። ክብደቱን ለእሱ አካፍሉት። 11 አካባቢ ከመጣ እርሳስ ነው። የኔ 32 ግራም በ4.5 ተካፍሎ 7 መጣ።

ሌላም ማደናገሪያ አለ። ከውጭ የሚመጣው ላይ «2» ወይም «3» ተጽፎ ካያችሁ ብዙ ጊዜ በአውንስ ነው። 1 አውንስ 28.35 ግራም ነው። «2» የሚለው ወደ 57 ግራም ይሆናል ማለት ነው፤ ሻጩ በአፉ የሚነግራችሁን ግራም አትመኑ።

ዚንክ መሆኑን አልጠላሁትም፣ እንዲያውም። እርሳስ መርዝ ነው፤ እንግሊዝ አገር ትንንሾቹን የእርሳስ ማስመጫዎች መሸጥ በ1987 እ.ኤ.አ. ከልክለዋል። እኛ ግን ትንሿን ፍሬ በጥርሳችን ነክሰን ክር ላይ እናጣብቃለን፣ በዚያው እጅ ዳቦ እንበላለን። ይሄን ተዉት፣ ልጆችም አይጫወቱበት። ዚንክ ከሆነ ዚንክ ነው ይበሉኝ፣ ትልቅ አድርገው እውነተኛ 50 ግራም ያድርጉት፣ ደስ ብሎኝ እገዛለሁ።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ልጁ ሰምቶኝ ሲያበቃ «ወንድሜ፣ አሳው ሚዛን ይዞ ነው እንዴ የሚመጣው?» አለኝ። ሳቄ መጣ፣ ምን ላድርግ። ከዚያ «ደረሰኝህን አምጣ» አለ። ደረሰኝ አልቆረጠልኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ግን ከማን እንደገዛሁ በምን ላስረዳ? እናንተ ደረሰኝ ያዙ። ካስቸገሯችሁ ክፍለ ከተማው ንግድ ጽህፈት ቤት ሂዱ።

አጎቴ መረብ ሲሠራ ዕድሜውን ጨርሷል። ጉዱን ስነግረው አልገረመውም። እሱ በፍሬ ገዝቶ አያውቅም፤ «በኪሎ መዝንልኝ» ይላል፣ አለቀ። ቁጥሩን ቀና ብሎ አያየውም። እኔም ቀሪዎቹን አልጣልኳቸውም። በየላያቸው እውነተኛውን ግራም በምስማር ጫርኩባቸው። ትንሿ ላይ «50» እና «32» ጎን ለጎን ይነበባሉ።