ሰጋጁ ትራይፖዴ፦ ከስምንት ወር በኋላ

መጀመሪያ ያየው ዲያቆኑ ነው። ጣና ሐይቅ ላይ፣ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ ውስጥ ነበርን። ካሜራዬን ትራይፖዱ፣ ማለትም ባለሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አስሬ፣ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሣሉበትን ሥዕል አነጣጥሬያለሁ። ትንፋሼን ይዤ አራት ሰከንድ እቆጥራለሁ። ልጁ ግን ሥዕሉን አያይም። የሚያየው ትራይፖዱን ነው።

"ጋሼ፣ ይሄ ዕቃዎ እየሰገደ ነው እኮ" አለኝ።

ዞር ብዬ ሳይ እውነቱን ነው። የፊት እግሩ ቀስ እያለ ወደ ውስጡ ይገባል። ካሜራዬም እንደ ጨዋ ልጅ አንገቱን ይደፋል። እቴጌ ይሰግዳሉ፤ ትራይፖዱ ይሰግዳል፤ ቆሜ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሦስት ወር ሙሉ ራሴን ስወቅስበት የነበረው ነገር የተገለጠልኝ ያኔ ነው።

ትራይፖዱን የገዛሁት ነሐሴ ላይ ነው። 5,500 ብር። በአስተማሪ ደሞዝ ይሄ ቀልድ አይደለም። ስሙን አልጽፍም። እሱም ቢሆን አንድ ስም የለውም፤ ካርቶኑ ላይ ሌላ፣ ቦርሳው ላይ ሌላ ነው የተጻፈው። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። አሉሚኒየም ነው፤ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። እያንዳንዱ እግር አራት ክፍል አለው። አንዱ ቱቦ ከሌላው ውስጥ እየወጣ ይረዝማል። ካርቶኑ "8 ኪሎ ይሸከማል" ይላል። የእኔ ካሜራ ከነሌንሱ አንድ ኪሎ አይሞላም። ሻጩማ ከካርቶኑም ባሰ። "ወንድሜ፣ አንተ ራስህ ብትቀመጥበት አይበግረውም" አለኝ። አንድ ቀን እሄድና እዚያው ሱቁ ውስጥ እቀመጥበታለሁ። ማን እንደሚወድቅ እናያለን።

"ፎቶ ለማንሳት ትራይፖድ ምን ያደርጋል? ስልክ የለህም?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። የጣናን አብያተ ክርስቲያናት ገብቶ ያየ ሰው ግን እንዲህ አይጠይቅም። አብዛኞቹ ክብ ናቸው። ውጪው ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መሐሉ መቅደስ። ሥዕሉ ያለው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። ብርሃኑ የሚገባው ከሩቅ፣ በውጪው በር በኩል ነው። ከሥዕሉ ዘንድ ሲደርስ ደክሞታል። ፍላሽ አይፈቀድም፤ መፈቀድም የለበትም። ያን ያህል ዘመን በጭላንጭል የኖረ ቀለም ላይ መብረቅ መልቀቅ ነውር ነው። ስለዚህ ያለህ አማራጭ ጊዜ ብቻ ነው። አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 200 ላይ ታወርዳለህ። አፐርቸሩን፣ ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፣ 8 ላይ ታደርጋለህ። ከዚያ ካሜራው ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴ አራት ሰከንድ ዓይኑን ከፍቶ ይጠብቃል። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ትራይፖዱ የፀጉር ስፋት ያህል ከወረደ አለቀ።

መስከረም ላይ ዘጌ ሄድኩ። ጀልባው፣ የመግቢያው፣ ቡናው፣ ሁሉም ተከፈለ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ ግማሽ ቀን አነሳሁ። ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ቅዱሳኑ ሁሉ ሁለት ሁለት ዓይን ደርበዋል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ የጉም ፈረስ ሆኗል። "እጄ ነው" አልኩ። ጥቅምት ላይ ተመለስኩ። በእጄ እንዳልነካው በታይመር አነሳሁ። ያው ነው። "ምንጣፉ ነው፤ ከሥሩ ለስላሳ ነው" አልኩ። አንድ ጊዜማ "የሚያልፉት ሰዎች ወለሉን እያናወጡት ነው" ብዬ በሆዴ አንዲት ባልቴት ወቀስኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ባዶ እግራቸውን ነበሩ። ድመት እንኳ ከእሳቸው በላይ ትጮሃለች።

ከናርጋ ስመለስ ቤት ውስጥ ፈተንኩት። እግሮቹን እስከ መጨረሻው ዘረጋሁ። ካሜራውን ሰቀልኩ። ቱቦዎቹ በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ከዚያ ቡና አፈላሁ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሁለቱ እግሮች ንቅንቅ አላሉም። አንደኛው አራት ሚሊ ሜትር ገብቷል። መሐል ላይ ያለው መቆለፊያ ነው። ጥፋተኛው እንዳይጠፋኝ ቀይ ፕላስተር አሰርኩበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ እግር ላይ እየተጠመዘዘ የሚጠብቅ ሦስት መቆለፊያ አለ። በጠቅላላው ዘጠኝ። እያንዳንዱ ውስጥ ስስ የፕላስቲክ ቀለበት አለ። ስትጠመዝዘው ቀለበቱ ቱቦውን ያንቃል። ቀለበቱ ትንሽ ከሳሳ ወይ አሸዋ ከገባበት፣ እጅህ ላይ የጠበቀ ይመስልሃል እንጂ ማነቁን ትቷል። የጣና ዳር አሸዋ ደግሞ ደቃቅ ነው። ከጀልባ ስወርድ ስንት ጊዜ ጭቃ ውስጥ እንዳስቆምኩት እኔ አውቃለሁ።

ሱቁ ተመልሼ ሄድኩ። ያ "ብትቀመጥበት" ያለኝ ሰውዬ አሁን ሌላ ሰው ሆኗል።

"ውኃ ነክቶታል?"

"ነክቶታል። ጣና ላይ ነው የምሠራው ብዬህ ነበር።"

"እንግዲያውማ አንተ ነህ ያበላሸኸው።"

በሐይቅ ዳር ከተማ ውኃ የማይነካው ትራይፖድ መሸጥ ምን ይባላል? መልስ ያለው ካለ ይንገረኝ። ዋስትና የለም፣ መለወጫ የለም። "ሌላ አዲስ መጥቷል፣ ካርቦን ነው፣ ልይልህ?" አለኝ። ሰላምታ ሳልሰጥ ወጣሁ።

ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ መሆኗ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። ሰፈሬ ያለው ሳይክል ጠጋኝ ትራይፖዱን አገላብጦ አየና፣ "ይሄማ የሳይክል መቀመጫ ቱቦ ነው" አለ። እውነቱን ነው፤ ሐሳቡ አንድ ነው። መጀመሪያ ከካላማዳሪያ ስስ ጎማ ቆርጦ ጠቀለለበት። ወፍሮ አልገባ አለ። ከዚያ የሃይላንድ ጠርሙስ አነሳ፤ ስስ ቁራጭ በመቀስ አወጣ፤ ከቀለበቱ ጀርባ አስገባት። ገጠመው። 30 ብር። እንደገና በእርሳስ ፈተንኩት፤ አልተነቃነቀም። ለሰውየው ሻይ ጋበዝኩት።

ጥር ላይ ዑራ ተመለስኩ። ካነጣጠርኩባቸው ሥዕሎች አንዱ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ነው። ስድስት ክንፍ ያላቸው፣ የተሰበረች እግራቸው ከጎን የተሣለች። ጥር 24 ቀን የዚያች እግር የስብራት መታሰቢያ ነው። ገድሉ እንደሚለው ጻድቁ አንድ እግራቸው ከተሰበረች በኋላ በቀረችው 7 ዓመት ቆመው ጸልየዋል። የእኔው ትራይፖድ በሦስት እግር አራት ሰከንድ መቆም አልቻለም። የሃይላንዷ ቁራጭ ሾልካ ቱቦው ውስጥ ገብታለች። እዚያው በፊታቸው ሰገደ። በስንት እግር ብቆምለት ነው የሚቆመው?

ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቼ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። በንዴት ትራይፖዱን እንደታጠፈ መሬት ላይ ተከልኩት። ፊት ለፊቴ አንድ የቆየ የመቃብር ድንጋይ አለ። ካሜራዬ አሁንም ላዩ ላይ ነው። እንዲሁ ለመሞከር አነሳሁት።

ቤት ገብቼ ሳየው እስከዚያ ቀን ካነሳሁት ሁሉ የጠራው እሱ ነው። በድንጋዩ ላይ የምትሄደው ጉንዳን እንኳ እግሯ ይቆጠራል፤ ትንሽ ቆማ መሆን አለበት።

ሲገባኝ ሳቅሁ። እግሩ ካልተዘረጋ መቆለፊያ የለም። መቆለፊያ ከሌለ ከሃዲ የለም። ታጥፎ ሲቆም ቁመቱ ከጉልበቴ አያልፍም፤ ቆሞ የሚውለውም በወፍራሙ ቱቦ ብቻ ነው። መቃብር ደግሞ ዝቅ ያለ ነገር ነው። ቀና ብለህ የምታነሳው ሳይሆን ተንበርክከህ የምታነሳው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የማነሳው መቃብር ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕልን ስንት ሰው አንስቶታል። መቃብሮቹን ግን ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። አሮጌዎቹ ክብ የድንጋይ ክምር ናቸው፤ ስም የላቸውም። ቀጥሎ የሲሚንቶ ሣጥን ይመጣል፣ ነጭ ወይ ሰማያዊ የተቀባ። መስቀሉ ከፌሮ የተበየደ ነው። በመስታወት ሥር ያለው ፎቶ ፀሐይ በልቶት ነጭ ወረቀት ሆኗል። ጽሑፉ አንዳንዴ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በምስማር የተጫረ ነው። ጫሪው ቦታ አልበቃው ብሎ የመጨረሻዎቹን ፊደላት ሲያጨናንቃቸው ታያለህ። እነሱን በጣም ነው የምወዳቸው።

የተበላ ጽሑፍ ለማንበብ ኖራ መቀባት፣ በብሩሽ መፈተግ አያስፈልግም። ድንጋዩን ትጎዳለህ። ብርሃን ብቻ ነው የሚያስፈልገው፣ ያውም ከጎን። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ግራጫ ሲሚንቶ ነው የምታየው። ጠዋት ፀሐይ ገና እንደወጣች፣ ብርሃኑ መሬት ለመሬት ሲመጣ፣ ፊደሉ ውስጥ ጥላ ይሞላና ስሙ ብድግ ይላል። እዚህ አገር ፀሐይ ቶሎ ነው ወደ ላይ ከፍ የምትለው፤ ለዚህ ሥራ አንድ ሰዓት እንኳ አትሰጥህም። ያመለጠኝ እንደሆነ ማታ እመለሳለሁ። ካሜራውን 15 ሰከንድ ከፍቼ የስልኬን መብራት ከድንጋዩ ጎን ዝቅ አድርጌ እይዛለሁ። 15 ሰከንድ! ትራይፖዱ ንቅንቅ አይልም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሁሉ በፊት የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዳለሁ። ቅዳሴ ወይ ቀብር ካለ ካሜራዬ ከቦርሳ አይወጣም። እዚያው ጣና ላይ ያለው የደሴት ገዳም፣ ደጋ እስጢፋኖስም ወጥቻለሁ። የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም በመስታወት ሣጥን ያረፈው እዚያ ነው። ትራይፖዱን ያን ዳገት ሙሉ ተሸክሜው ወጥቼ አልከፈትኩትም። የንጉሥም ይሁን የገበሬ፣ አፅም አላነሳም። የማነሳው ድንጋይ ነው።

"ታዲያ እንግዛው ወይስ አንግዛው?" ትሉኝ ይሆናል። ታኅሣሥ ላይ ብትጠይቁኝ 5,500 ብሩን በግ መግዣ ላይ ጨምሩት እላችሁ ነበር። ዛሬ ግን ደስ ብሎኛል። ሻጩን አሁንም አልማርኩትም። "8 ኪሎ" የሚለውን ካርቶን ለማስረጃ አስቀምጬዋለሁ። ለቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ ከመግዛታችሁ በፊት እግሩን ዘርጉና በሙሉ ክብደታችሁ ተጫኑት፣ ሻጩ ቢቆጣም። ጭንቅላቱ፣ ቦርሳው፣ ሌላው ሌላው ደህና ነው። የእኔን ግን ልግዛህ ብትሉኝ አልሸጥም።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት መነኩሲት ከመቃብሮቹ መሐል ተንበርክኬ አገኙኝ።

"ልጄ፣ ዘመድ አለህ እዚህ?"

"የለኝም፣ እማሆይ።"

"ታዲያ ማንን ትፈልጋለህ?"

የምመልሰው ጠፋኝ። እሳቸውም መልስ አልጠበቁም። እጄን ይዘው ወደ አንድ ጥግ ወሰዱኝ። "እስቲ እናቴን አንሣልኝ። በሕይወቷ ፎቶ ተነሥታ አታውቅም" አሉ። ድንጋዩ ላይ በዓይን የሚታይ ነገር የለም። መሸት ሲል በስልኬ መብራት፣ 15 ሰከንድ ከፍቼ አነሳሁት። ሦስት መስመር ጽሑፍ ወጣ። በበነጋው ፎቶ ቤት አሳጥቤ ይዤላቸው ሄድኩ።

ዓይናቸው ላይ አስጠግተው ብዙ ቆዩ። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር።

"ተሳስቷል" አሉ።

"ምኑ?"

የእናታቸው ክርስትና ስም ውስጥ "ጻድቅ" የሚል አለ። "በጸሎቱ ጸ ነው የሚጻፈው። ይሄ በፀሐዩ ፀ ጽፎታል። ይሄን ሁሉ ዘመን ስሟን አበላሽቶ አስተኝቷታል!" ሲሉ እውነተኛ ቁጣ ነው የተቆጡት። ዳዊት የሚደግሙ ሰው ናቸው፤ ፊደል አይታለፋቸውም።

"ማን ነበር የጻፈው?" አልኳቸው።

"እዚያ ጥዱ ሥር ነው ያለ" አሉ፣ በመቋሚያቸው እያመለከቱ። "እሱንም አንሣው። የሱን በትክክል ጽፈውለት እንደሁ ልይ።"

ሄጄ አነሳሁት። እግሩን ሳልዘረጋ።